ያውቁ ኖሯል? ከቁራኛ እስከ ማዕከላዊ

ከሩቁ የጃዊ ቆላ ተይዞ የሚመጣ ተጠርጣሪ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ እንዳለበት፣ የመንገዱ ጊዜ ግን እንደማይቆጠር ያውቁ ኖሯል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። ያው አንቀጽ ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ይከለክላል።

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ “ቁራኛ” በሚባለው ልማድ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ እስኪያዩ አብረው ይበሉ፣ አብረው ይተኙ እንደነበርስ? ከሳሹም አብሮ መታሰሩ አይደል!

ሌባ ለማውጣትም ልጅ መድኃኒት ይጠጣ ነበር። “ሌባ ሻይ” ይባላል፤ ልጁ ሰክሮ ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነህ ተብሎ ይከፍል ነበር። በአውጫጭኝ ደግሞ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ጅራፍ ባይኖርበትም ማስጨነቁ ያው ነበር።

ወደ ውጭ አገር ስንሻገር፣ እንግሊዝ ለምርመራ ሰው ማሠቃየትን በ1640 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተወች፣ ፕሩሲያ ከመቶ ዓመት በኋላ። ጣሊያናዊው ቤካሪያ ይህንኑ በመቃወም በ1764 ያቀረበው ክርክር አጭር ነው፦ ጠንካራ ወንጀለኛ ችሎ ያመልጣል፣ ደካማ ንጹሕ ያልሠራውን ያምናል።

የእኛ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ቢረቀቅም ለስርቆትና ለዝርፊያ የግርፋት ቅጣት ነበረበት። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ፖሊስ ተጠርጣሪን አስፈራርቶ እንዳያናግር አዟል። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው፤ በደርግ የቀይ ሽብር ዘመን “ወፌ ላላ” መጣ፦ እጅ ከጉልበት ታስሮ፣ በእንጨት ተንጠልጥሎ፣ ውስጥ እግር መገረፍ።

በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሹም የነበረው ቀልቤሳ ነገዎስ? አሜሪካ ተሰዶ አትላንታ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ ካሠቃያቸው አንዷ አወቀችው! ሦስት ሴቶች ከሰሱት፤ በ1985 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው። በ1999 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ።

ፖሊስ ተጠርጣሪዎችን አስሮ ይመረምርበት የነበረው የአዲስ አበባው ማዕከላዊ ምርመራ እንዲዘጋ የተወሰነው በ2010 ዓ.ም. ነው። እስረኞች አንዱን ክፍል “ጨለማ ቤት”፣ ሻል ያለውን ደግሞ በቅንጡው ሆቴል ስም “ሸራተን” ይሉት ነበር።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ማሠቃየት ስምምነት የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 መሠረት ተጠርጣሪን በጭካኔ የሚመረምር መርማሪ፣ ጉዳዩ ከባድ ሲሆን፣ እስከ 10 ዓመት ይታሠራል። ያዘዘው አለቃ ግን እስከ 15።