ተጨማሪ መረጃ፦ ድልድይ አፍርሳ ፏፏቴዋን ያገኘች ከተማ

በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና የምትገኘው ግሪንቪል እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 70 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። ምክር ቤቷ ከንቲባውን ጨምሮ 7 አባላት አሉት። ፕላንና በጀት የሚያጸድቀው ይኸው ምክር ቤት ነው፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ግን ምክር ቤቱ የቀጠረው ሥራ አስኪያጅ ይመራል። ማንኛውም ደንብ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳይነበብ አይጸድቅም።

በ1970ዎቹ ሸማቹ ወደ ከተማ ዳር የገበያ ማዕከላት ሲያዘነብል መሃል ከተማው ጭር አለ። ከተማዋም በአርክቴክት ላውረንስ ሃልፕሪን ንድፍ ዋናውን ጎዳና ከአራት የመኪና መስመር ወደ ሁለት አጠበበች። በተረፈው ቦታ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፤ ዛፍም ተተከለበት።

ብዙ ያከራከረው ግን የካምፐርዳውን ድልድይ ነበር።

በ1960 የተሠራው ይህ የመኪና ድልድይ የሪዲ ወንዝን ፏፏቴ ከላይ ጋርዶት ኖሯል። በ2002 ፈረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ 108 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በአንድ ጎኑ ብቻ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ጥምዝ የእግረኛ ድልድይ በምትኩ ተሠራ። በፏፏቴው ዙሪያ ለተሠራው ፓርክ ግንባታ ገንዘብ ካስገኙት ምንጮች አንዱ በምግብ ቤት ሒሳብ ላይ የሚታከለው የመስተንግዶ ግብር ነው፤ ከተማዋን ሊጎበኝ መጥቶ ምሳ የበላ እንግዳም ድርሻውን ከፍሏል ማለት ነው።