አልጌ የሚበላ ዓሣና የቤት ውስጥ ገንዳ

በመስተዋት ገንዳ ዓሣ ማኖር ከቢሮ ሥራ ደክሞ ለተመለሰ ሰው ዓይንን የሚያሳርፍ፥ ልቡናንም የሚያረጋጋ ነገር ነው። ነገር ግን ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ መስተዋቱ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ድንጋዩም ያዳልጣል። ይህም አልጌ ወይም ዋቅላሚ የሚባለው ነው። ባለቤቱ አልጌ የሚበላ ዓሣ ገዝቶ የጨመረ እንደሆነ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስለዋል። ይህ አሳብ በከፊል እውነት፥ በከፊልም ስሕተት ነው።

አልጌ የሚያድገው በብርሃን ኃይልና፥ ከተረፈ ምግብ ከዓሦችም ቆሻሻ በሚገኘው ናይትሬትና ፎስፌት ነው። አልጌ የሚበላው ዓሣም የበላውን ቆሻሻ አድርጎ ወደዚያው ውሃ ይመልሰዋል። እንግዲህ ዓሣው መስተዋቱን ይጠርጋል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋም። ምክንያቱን የሚያጠፋው ባለቤቱ ነው፤ ይኸውም ገንዳውን ከፀሐይ ሲያርቅ፥ መብራቱን በቀን ከ8 ሰዓት ሳያሳልፍ፥ ምግቡንም ሲመጥንና በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን ሲለውጥ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ዓሣን ስለሚጎዳ፥ ከመጨመሩ በፊት ክሎሪኑን በሚያጠፋ መድኃኒት ማከም ያሻል።

ቀጥሎ የዓሣው ምርጫ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው ኦቶሲንክለስ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ያድጋል፤ ብቻውን መኖርን አይወድምና 6 ያህሉን በአንድነት ማኖር መልካም ነው። ፕሌኮ የሚባለው ግን ሲገዛ ጣት የሚያክል ሲሆን፥ ሲያድግ 40 ሳንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። የቻይና አልጌ በል የሚባለውም ባደገ ጊዜ አልጌውን እየተወ ጎረቤቶቹን ያሳድዳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላው ነገር ረኃብ ነው። ገንዳው ሲጸዳ የዓሣው መሶብ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ሆዱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ እንደሆነ መራቡን ያስታውቃል። ስለዚህ ጥቂት የተቀቀለ ዝኩኒ ወይም ኪያር ይሰጠው፤ የተረፈውም በማግሥቱ ይውጣ።

ገንዳው የጠበበው ዓሣ ቢኖር ለሌላ አሳዳጊ ይሰጥ እንጂ፥ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ከቶ አይጣል። በአሜሪካ በፍሎሪዳና በቴክሳስ ወደ ውሃ የገቡት የፕሌኮ ወገኖች ተራብተው፥ የወንዙን ዳር እየቦረቦሩ አፈሩን አስንደዋል። በእኛም አገር በጣና ሐይቅና በልዩ ልዩ ወንዞች፥ በሳይንስ ስማቸው ጋራ የሚባሉ፥ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቁ የሚኖሩ ዓሦች አሉ። በእነርሱ ማዕድ ላይ ባዕድ ተሻሚ ማምጣት በደል ነው።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፥ ዓሣውን ከመግዛታችን በፊት ምን ያህል እንደሚያድግና ምን እንደሚበላ እንጠይቅ። ፍጥረትን በመስተዋት ውስጥ የዘጋ ሰው፥ ለኑሮው ሁሉ ኃላፊ እርሱ ነውና።