ሥራ ፈት ፓኬጆች፦ እንዴት ይገኛሉ? እንዴትስ ይወገዳሉ?

ዛሬ ድረ ገጽም ሆነ የስልክ መተግበሪያ ሲሠራ ሁሉንም ኮድ ከባዶ ራሱ የሚጽፍ ፕሮግራመር የለም ማለት ይቻላል። ፎቶ ማሳነስ፣ ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት ወይም ኢሜይል መላክ ሲያስፈልገው ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነጻ ያስቀመጡትን ኮድ ወስዶ ይጠቀማል። ይህ ኮድ የሚቀርበው በፓኬጅ መልክ ነው፤ አንድ ፕሮጀክት የሚመካባቸው ፓኬጆች ደግሞ ዲፔንደንሲ ይባላሉ። የጃቫስክሪፕት ሰዎች ከኤንፒኤም፣ የፓይተን ሰዎች ከፓይፒአይ፣ የጃቫ ሰዎች ከሜቨን ሴንትራል ያወርዳሉ። በየፕሮጀክቱም የትኞቹ ፓኬጆች እንደሚያስፈልጉ የሚዘረዝር ፋይል አለ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ዝርዝር ነው። መጨመር ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል። የሚቀንስ ግን የለም። ለሙከራ የገባ ፓኬጅ ሙከራው ሲተው እዚያው ይቀራል። አንድ አገልግሎት ሲቋረጥ ኮዱ ይሰረዛል፤ ለእሱ ተብሎ የመጣው ፓኬጅ ግን ይረሳል። ያስገባው ሰው መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ተተኪው «ብነካው የሚበላሽ ነገር ቢኖርስ?» እያለ ያልፈዋል። በዓመታት ውስጥ ዝርዝሩ ማንም ጠንቅቆ የማያውቀው ይሆናል።

ችግሩ ምን ያህል ሰፊ ነው? በስዊድን የኬቲኤች ሮያል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሜቨን ሴንትራል ያሉ 9,639 የጃቫ ሥራዎችን ከነዲፔንደንሲያቸው መርምረዋል። ካዩአቸው 723,444 የዲፔንደንሲ ግንኙነቶች 75.1 በመቶው ምንም ጥቅም የማይሰጥ ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራመሩ በቀጥታ ያስገባቸው ግን ከጠቅላላው 2.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 15.4 በመቶው ከወላጅ ፕሮጀክት የተወረሰ ሲሆን፣ 57 በመቶው ደግሞ ሌሎች ፓኬጆች አስከትለው ያመጡት ነው። አንድ ፓኬጅ ብቻውን አይመጣም፤ የራሱን ዲፔንደንሲዎች ይዞ ይመጣል፤ እነሱም የራሳቸውን። ስለዚህ ከዝርዝሩ አንድ መስመር ሲወጣ አብረው የሚወጡት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ካልተጠቀምንበት ምን ይጎዳናል?

ብዙዎች «ኮዳችን ካልጠራው ተኝቶ ነው የሚኖረው» ብለው ያስባሉ። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በኤንፒኤም አንድ ፓኬጅ ገና ሲጫን የራሱን ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ዩኤ-ፓርሰር-ጄኤስ የተባለው ፓኬጅ የደረሰበት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፓኬጁ ጎብኚው በምን ብሮውዘርና በምን ዓይነት ስልክ እንደገባ የሚለይ ሲሆን በሳምንት በሚሊዮኖች ለሚቆጠር ጊዜ ይወርድ ነበር። ጠላፊዎች የባለቤቱን አካውንት ሰብረው ሦስት የተበከሉ እትሞችን አወጡ። እትሙ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ክሪፕቶ ከረንሲ የሚቆፍር ፕሮግራም ይገባ ነበር። ይህ ሁሉ የሚሆነው በመጫን ላይ ስለሆነ ኮዱ ፓኬጁን ጠራው አልጠራው ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው ጉዳት የሰው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግ4ጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ ከ10 ነጥብ 10 የተሰጠው አደገኛ ክፍተት ይፋ ሲሆን በመላው ዓለም ያሉ ድርጅቶች መጀመሪያ የጠየቁት «እኛ ጋ የት የት አለ?» የሚለውን ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የሳይበር ደኅንነት ገምጋሚ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለዚህ ጉዳይ ብቻ 33,000 የሥራ ሰዓት ማዋሉን ገልጿል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሥራ ፈቱ ፓኬጅም እንደሚሠራበት እኩል መፈተሽ አለበት። የማይጠራ መሆኑን ለማረጋገጥም ሰዓት ይጠፋል።

ሌሎቹ ጉዳቶች ቀስ እያሉ የሚመጡ ናቸው። ፓኬጆቹን ማውረድና መጫን ጊዜ ይወስዳል፤ ሰርቨር ላይ የሚጫነው ጥቅል (ኢሜጅ) ይተልቃል። የአንዱ እትም ከሌላው ጋር ሲጋጭ ማንም የማይጠቀምበት ፓኬጅ አስፈላጊውን እንዳይታደስ ይይዘዋል። የድረ ገጽ ኮድ የሚያሽጉ መሣሪያዎች ያልተጠራ ኮድ ወደ ጎብኚው ብሮውዘር እንዳይሄድ ስለሚያጣሩ፣ ሥራ ፈት ፓኬጅ ሁሉ ድረ ገጹን ያዘገያል ማለት ግን አይደለም።

መሣሪያዎቹ እንዴት ይፈልጋሉ?

መሣሪያው በመጀመሪያ በዝርዝር ፋይሉ የተጻፉትን ይሰበስባል። ቀጥሎ ኮዱን ሁሉ አንብቦ ኢምፖርት የተደረጉትን፣ ማለትም የተጠሩትን ፓኬጆች ይለቅማል። ከዚያ ሁለቱን ያስተያያል። በዝርዝሩ ኖሮ በኮዱ ያልተጠራው ተጠርጣሪ ነው። በኮዱ ተጠርቶ በዝርዝሩ የሌለውንም ያወጣል፤ ይህኛው ለምን እንደሚጠቅም በኋላ እናያለን።

ለጃቫስክሪፕት ክኒፕ፣ ለፓይተን ዴፕትራይ፣ ለፒኤችፒ ኮምፖዘር አንዩዝድ አሉ። ሜቨን የራሱ «ዲፔንደንሲ አናላይዝ» የሚባል ትእዛዝ አለው። በረስት ቋንቋ ካርጎ ማሼቴ ጽሑፉን ብቻ ስለሚፈልግ ፈጣን ነው፤ ካርጎ ዩዴፕስ ግን ፕሮጀክቱን ኮምፓይል እያደረገ ስለሚያጣራ ይዘገያል። በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል ያላቸው የጎ ቋንቋ ፕሮግራመሮች ናቸው። የጎ ኮምፓይለር ኢምፖርት ተደርጎ ያልተሠራበት ነገር ካየ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ «ጎ ሞድ ታይዲ» የተባለው ትእዛዝ ደግሞ የጎደለውን ጨምሮ የተረፈውን ያወጣል።

መሣሪያው የሚሳሳትበት ቦታ

ከባዱ ሥራ የሚመጣው የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ከወጣ በኋላ ነው። በፓይተንና ጃንጎ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያው የተሠራ አንድ ትንሽ የሱቅ ድረ ገጽ እናስብ። በዝርዝሩ አምስት ፓኬጆች አሉ፦ ጃንጎ፣ ፒሎው፣ ሳይኮፒጂ2፣ ጉኒኮርን እና ሪኩዌስትስ። መሣሪያው ኮዱን ፈትሾ ከጃንጎ በስተቀር አራቱም አልተጠሩም ይላል። አራቱንም እንሰርዛቸው? አንድ በአንድ እንያቸው።

ፒሎው የፎቶ ላይብረሪ ነው። በኮድ ውስጥ የሚጠራበት ስም «ፒል» ስለሆነ በፓኬጁ ስም የፈለገ ሰው አያገኘውም። ዴፕትራይን የመሰሉ መሣሪያዎች ፓኬጁ ከተጫነ ይህን የስም ልዩነት ያውቁታል። እዚህ ግን «ፒል» የሚለውም የለም። ያም ሆኖ ፒሎው ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዕቃዎቹ ፎቶ የሚቀመጠው የጃንጎ ኢሜጅፊልድ በተባለው መስክ ነው። ይህ መስክ ደግሞ ፒሎው ካልተጫነ አይሠራም፤ ጃንጎ ራሱ ስህተት ብሎ ያቆማል።

ሳይኮፒጂ2 ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር ያገናኛል። በሴቲንግስ ፋይሉ የተጻፈው ግን ፖስትግሬስን እንጠቀማለን የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የሳይኮፒጂ2 ስም አልተነሳም። የሚጠራው ጃንጎ ከውስጥ ነው። ጉኒኮርን ደግሞ ድረ ገጹን ሰርቨር ላይ የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ስሙ የሚገኘው በማስነሻ ትእዛዙ ውስጥ እንጂ በፓይተን ኮድ ውስጥ አይደለም።

የቀረው ሪኩዌስትስ ነው። ሱቁ ቀድሞ ለደንበኞች ኤስኤምኤስ ይልክበት ነበር እንበል፤ ያ አገልግሎት ሲቀር ኮዱ ተሰርዟል። በሴቲንግስ፣ በማስነሻ ትእዛዝ፣ በስክሪፕት ውስጥ ቢፈለግ የለም። እውነተኛው ሥራ ፈት እሱ ነው። ከአራት ተጠርጣሪዎች ጥፋተኛው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

አደገኛው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ፕሮግራመሩ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ እየተጠቀመ፣ ድረ ገጹንም በጃንጎ የመሞከሪያ ሰርቨር እያስነሳ ከሆነ፣ ሳይኮፒጂ2ንና ጉኒኮርንን ቢሰርዝ ላፕቶፑ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል። ስህተቱ የሚወጣው ሥራው ወደ እውነተኛው ሰርቨር ሲሄድ ነው።

በሌሎች ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ወጥመዶች አሉ። በጃቫስክሪፕት የባቤል ፕለጊኖች በኮንፊግ ፋይል ውስጥ በስም ብቻ ይጠቀሳሉ፤ የታይፕስክሪፕት የታይፕ ፓኬጆች በኮድ ውስጥ በቀጥታ አይጠሩም። የጃቫ የዳታቤዝ ድራይቨሮች ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው የሚፈለጉት። የሜቨኑ ትእዛዝ የሚያነበው ኮምፓይል የሆነውን ኮድ ስለሆነ፣ ከአንድ ላይብረሪ ቋሚ ቁጥር ብቻ ከተወሰደ ኮምፓይለሩ ቁጥሩን በቀጥታ ይተካውና የላይብረሪው ዱካ ይጠፋል።

አሰራረዙ

መጀመሪያ የፓኬጁን ስም በኮዱ ብቻ ሳይሆን በፕሮጀክቱ ፋይሎች ሁሉ ፈልጉ፤ ኮንፊግ፣ ስክሪፕት፣ ዶከርፋይልና የአውቶማቲክ ሙከራ ፋይሎች አይቅሩ። ቀጥሎ በጊት ታሪክ ውስጥ መቼና ለምን እንደገባ እዩ። ያስገባው ሰው ካለ መጠየቅ ከሁሉም ያጥራል።

ከዚያ አንድ በአንድ ሰርዙ። አሥሩን ባንድ ጊዜ አውጥቶ አንድ ነገር ሲሰበር የትኛው እንደሆነ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ስረዛ የራሱ ኮሚት ይኑረው፤ ከተበላሸ ያንን ብቻ መመለስ ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በፓይተን ከዝርዝሩ አንድ መስመር ማጥፋት ፓኬጁን ከኮምፒውተራችሁ ላይ አያነሳውም። ፓኬጁ ስላለ ሙከራው ሁሉ ያልፋል፤ እናንተም ተሳካ ትላላችሁ። ስለዚህ አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ፍጠሩ፣ ከተስተካከለው ዝርዝር እንደገና ጫኑ፣ ሙከራውን እዚያ አስኪዱ። ከዚያም እውነተኛውን ሰርቨር በሚመስል ቦታ ላይ አስነሱት።

ቀደም ሲል በኮዱ ተጠርቶ በዝርዝሩ ስለሌለው ፓኬጅ ያነሳነው እዚህ ይመጣል። ሪኩዌስትስ ሲጫን ዩአርኤልሊብ3ን፣ ሰርቲፋይንና ሌሎችንም አስከትሎ ይመጣል። ከፕሮግራመሮቹ አንዱ ዩአርኤልሊብ3 ተጭኖ አግኝቶት በቀጥታ ኢምፖርት አድርጎት ይሆናል፤ በዝርዝሩ ግን አልጻፈውም። ሪኩዌስትስ ሲወጣ በአዲሱ ጭነት ዩአርኤልሊብ3ም አይገባም፤ ኮዱም ይሰበራል። ስለዚህ ከመሰረዝ በፊት በቀጥታ የምትጠሩትን ሁሉ በዝርዝሩ አስገቡ። አንድ ፓኬጅ በማን ምክንያት እንደመጣ ለማወቅ በፓይተን «ፒፕ ሾው»፣ በጃቫስክሪፕት «ኤንፒኤም ዋይ» ይረዳሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ማጽዳት በዓመት አንዴ የሚደረግ ዘመቻ ሲሆን ይከብዳል። መሣሪያውን አዲስ ኮድ በገባ ቁጥር ከአውቶማቲክ ሙከራው ጋር አብሮ እንዲሠራ ማድረግ ይሻላል። እንደ ፒሎውና ጉኒኮርን ያሉትን በመሣሪያው የማለፊያ ዝርዝር ውስጥ መዝግቡ፤ አጠገባቸው ለምን እንደሚያስፈልጉ አንድ መስመር ጻፉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ያንኑ ምርመራ ዳግም ከመጀመር ይድናል።

ከመጨመር በፊትም ቋንቋው ራሱ ያንን ነገር ይሠራ እንደሆነ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሌፍት-ፓድ የተባለ የ11 መስመር ፓኬጅ ከኤንፒኤም ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች መገንባት አቅቷቸው ነበር። ሥራው ከጽሑፍ በስተግራ ክፍት ቦታ መሙላት ብቻ ነው፤ ዛሬ ጃቫስክሪፕት ይህን «ፓድስታርት» በሚባል የራሱ ትእዛዝ ይሠራል። ፓይተንም ከ3.9 ጀምሮ ዞንኢንፎ የሚባል የሰዓት ቀጠና ሞጁል ስላለው ብዙ ፕሮጀክቶች ፓይቲዜድ የተባለውን የውጭ ፓኬጅ መተው ችለዋል። የሚሠራበት ፓኬጅም ቢሆን ጊዜው ሊያልፍ ይችላል።

መሣሪያው ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም፤ ፍርዱ የሰው ነው። የፕሮጀክታችሁን ዝርዝር ዛሬ ክፈቱና መስመር በመስመር «ይህ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ባልደረቦቻችሁን ጠይቁ። መልስ ካጣችሁበት መስመር ጀምሩ።