ናፍጣና ክረምት በፋሽጋ

ክረምት የሚለው ቃል በየአገሩ የሚያሳድረው ስጋት አንድ ዓይነት አይደለም። በሩሲያና በሰሜን አውሮፓ ክረምት ማለት በረዶና ውርጭ ስለሆነ፣ በናፍጣ ውስጥ የሚገኘው ሰም መሰል ነገር በብርዱ ይረጋና ማጣሪያውን ይደፍናል። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች ለብርዱ ወራት የሚሸጠው ናፍጣ ከሌላው ጊዜ የተለየ ነው። ፋሽጋ ግን ውርጭ አያውቅም። በዚያ ቆላ የናፍጣ ጠላት ውሃ ነው።

ፋሽጋ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ በአትባራና በሰቲት ወንዞች መካከል የሚገኝ ለም ምድር ሲሆን፣ ኢትዮጵያንና ሱዳንን ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የኖረ ነው። ሰቲት የሚባለው የእኛው ተከዜ ነው። በገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ለጦር ሠራዊት ቀለብ የሚሆን ማሽላ ለማምረት ነበር። ሰሊጥም ሌላው ዋና ሰብል ሆነ። ለአንድ አልሚ ይሰጥ የነበረው ቦታ ብዙውን ጊዜ 1000 ፈዳን፣ ማለትም 420 ሄክታር ያህል ስለነበረ፣ ይህን በበሬ ለማረስ ማሰብ ዘበት ነው።

አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ አብጦ ጭቃው የጭነት መኪና ያስቀራል። ስለዚህም የዘር ጊዜው ናፍጣ ሰኔ ሳይገባ ተጓጉዞ በበርሜል መከማቸት ይኖርበታል። የዘር ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ በመሆኑ፣ በዚያን ወቅት ትራክተሩ የቆመበት ገበሬ ያመለጠውን ቀን የሚመልስለት የለም።

ውሃ በታሸገ በርሜል ውስጥ እንዴት ይገባል? በርሜሉ ክዳኑን ወደ ላይ አድርጎ ሲቆም የዝናቡ ውሃ በአናቱ ላይ ይቋጥራል። ቀን በፀሐይ ሙቀት በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ በክዳኑ ዙሪያ ሾልኮ ይወጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ይኮማተርና በአናቱ ላይ ያለውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ክዳኑን አጥብቄአለሁ ብሎ መመካት ታዲያ ብዙም አያዋጣም። በርሜሉን ከጥላ ሥር በእንጨት ላይ አጋድሞ፣ ሁለቱ ክዳኖች ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆኑ ማድረግ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ውሃ የሚቋጥርበት ስፍራ አያገኝም፤ ክዳኖቹም ከውስጥ በናፍጣ ስለሚሸፈኑ አየር አይስቡም።

ትራክተሩም ራሱ ውሃ ያጠራቅማል። መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት የነዳጅ ማጠራቀሚያ ጎዶሎ ሆኖ ካደረ፣ በባዶው ስፍራ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሆናል። ብልህ ሾፌር ሰልባትዮውን የሚሞላው ጧት ሳይሆን ማታ ከሥራ ሲመለስ ነው።

ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል። በሁለቱ መገናኛ ላይ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ የሚፈጥሩትም ዝልግልግ ነገር ማጣሪያውን ይዘጋል። ከዚህ የሚከፋው ግን ዝገቱ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት አይነሣም፤ አየሩ በብርቱ ታምቆ ሲግል ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ይረጭበትና ይቀጣጠላል። ነዳጁን የሚገፋው ፖምፓና የሚረጨው አፍንጫ ክፍሎቻቸው እጅግ ተጠጋግተው የተገጠሙ ስለሆኑ፣ ጥቂት ዝገት እንኳ ያበላሻቸዋል። ማጣሪያ በቀላሉ ይለወጣል፤ ፖምፓ ግን ወንዝ በሞላበት ወር ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ተንከባሎ የመጣ በርሜል ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነካ ይረጋል፤ የመቅጃው ቱቦም እስከ ወለሉ አይሰድም፤ አራት ጣት ያህል ከሥር ይተዋል። ዚንክ በተቀባ ዕቃ ውስጥ ናፍጣ ማኖር አይገባም፤ ናፍጣው ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ማጣሪያ የሚደፍን ዝቃጭ ያወጣል። በየጧቱም ሞተሩ ሳይነሣ ከማጣሪያው ሥር ያለችው ብሎን ትላላና የሚወርደው በብርጭቆ ይቀዳል። ውሃ ካለ ከሥር ለብቻው ይለያል፤ ንጹሕ ናፍጣ መውረድ ሲጀምር ብሎኗ ትጠብቃለች።