ጽዋው ተሰንጥቋል፤ ግን አልተበላሸም

እኔ በምማርበት የማቴሪያል ምህንድስና ስንጥቅ ማለት ውድቀት ነው። ከምድጃ የወጣ ናሙና ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከታየ፣ በቃ፣ የሳምንት ልፋት ወደ ቆሻሻ ቅርጫት! ታዲያ ጃፓን ውስጥ ሀጊ በምትባል ከተማ የሚሠሩ የሳኬ ጽዋዎችን ፎቶ መጀመሪያ ሳይ ግራ ገባኝ። ላያቸው በስንጥቅ መረብ ተሸፍኗል፤ ሰው ደግሞ ይህንኑ ፈልጎ ይገዛቸዋል። እንዴት ነው ነገሩ?

መጀመሪያ ስለ መጠጡ። ሳኬ የሚጠመቀው ከሩዝ ነው። የሩዙን ስታርች ኮጂ የሚባል ሻጋታ ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩን ደግሞ እርሾ ወደ አልኮል። ሁለቱ ሥራቸውን በአንድ ጋን ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ገደማ ነው። (ጃፓን በ2022 እ.ኤ.አ. ለአካለ መጠን መድረሻውን ወደ 18 ዓመት ብታወርድም፣ ለመጠጥ ግን ሕጉ አሁንም 20 ነው። እኛ ጽዋውን ብቻ እንመርምር።)

ኦቾኮ የምትባለው ጽዋ ሁለት ሦስቴ ፉት ሲሏት ታልቃለች፤ ጉይኖሚ የሚባለው ተለቅ ይላል። ትንሽ መሆኗ ለሥርዓቱ ይመቻል። በልማዱ ሰው አጠገቡ ላለው ይቀዳል እንጂ ለራሱ አይቀዳም። ተቀባዩ ጽዋውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ከሥር ይደግፋል፤ ቀጥሎ ደግሞ እሱ በተራው ይቀዳል። ጽዋዋ ቶሎ ስለምትጎድል ዓይናችሁ ከጎረቤታችሁ ጽዋ ላይ አይነሣም። በሺንቶ ሠርግ ሙሽሮቹ ከሦስት ጽዋዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ፉት ይላሉ፤ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ዘጠኝ። ኮቺ በሚባለው አውራጃ ያለው ጨዋታ ደግሞ ያስቃል፦ አንዱ ጽዋ ቀዳዳ ስላለው በጣት ካልደፈኑት ይፈሳል፤ ሌላው ረጅም አፍንጫ ስላለው ጠረጴዛ ላይ አይቆምም። እስኪያልቅ ድረስ ማስቀመጥ የለም።

ወደ ስንጥቁ እንመለስ። የሀጊ ጽዋ ሁለት ነገር ነው፦ ውስጡ ሸክላ፣ ላዩ እንደ ብርጭቆ ያለ ስስ ሽፋን። በምድጃ ውስጥ ሽፋኑ ቀልጦ ከሸክላው ጋር ይጣበቃል። ሲቀዘቅዙ ሁለቱም ይኮማተራሉ፤ ሽፋኑ ግን የበለጠ መኮማተር ይፈልጋል። ሸክላው አይለቀውም። ስለዚህ ሽፋኑ በየአቅጣጫው ተወጥሮ ይቀራል። ብርጭቆ እንደ ኮንክሪት ነው፤ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን አይችልም። ይሰነጠቃል።

የሀጊ ሸክላ ደግሞ እንደ ፖርሴሊን ድፍን አይደለም፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ፈሳሹ በስንጥቆቹ በኩል ሰርጎ ይገባል፤ ጨርቅ ጫፉ ውኃ ሲነካው ውኃው ወደ ላይ እንደሚወጣው ማለት ነው። በተለይ ሻይ በሚጠጣበት ጽዋ ላይ ከዓመታት በኋላ ቀለሙ ይለወጣል፤ ጃፓኖችም ይህንን የሀጊ «ሰባት ለውጥ» ይሉታል። ሠሪው የጀመረውን ጠጪው ይቀጥለዋል ማለት ነው። አንዳንድ አዲስ ጽዋ መጀመሪያ ላይ ከሥሩ እርጥበት ያሳያል፤ ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ ሲደፈኑ ይተዋል። ከመጠቀም በፊት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚመከረውም ለዚህ ነው፦ ቀዳዳዎቹ ቀድመው ውኃ ከጠጡ ለሳኬው ብዙ ቦታ አይኖርም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የቢዘን ሸክላ ነው። ይህኛው ከነጭራሹ ሽፋን አይቀባም። በእንጨት እሳት፣ ከ1200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ለብዙ ቀናት ይተኮሳል። ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሩዝ ገለባ ይጠቀለልባቸው ነበር፤ ሲወጡ ገለባው የነካው ቦታ ሁሉ ቀይ መስመር ሆኖ ተገኘ። በገለባው ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሸክላውን ገጽ በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በሸክላው ውስጥ ያለው ብረት ቀይ የብረት ኦክሳይድ ክሪስታል ይሠራል። ሩዙ ሳኬ ሆነ፣ ገለባው የጽዋው ጌጥ! የዛሬ ሠሪዎች መስመሩን አስበው ያስቀምጡታል፤ ከእነሱ አንዱ ኢሰዛኪ ጁን በ2004 እ.ኤ.አ. በጃፓን መንግሥት «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» ተብለው ተሰይመዋል።

እንግዲህ እኛ ላቦራቶሪ የምንጥለው ናሙና ስህተት ነበር? አልነበረም። የሀጊው ስንጥቅ ከሽፋኑ አያልፍም፣ ጭነቱን የሚሸከመው ሸክላ ነው። የእኔ ናሙና ግን የተሰነጠቀው ከላይ እስከ ታች ነበር፤ ያ ለሀጊም ሸክላ ሠሪ ስባሪ ነው።