«መጽሐፉ ላይ ያለውን አይደለም፣ አጎቴ»

የረመዷን ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ተራዊሕ ሰግጄ ቤት እንደገባሁ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ጮኸ። ለንደን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት። እዚያ ገና ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ አፍጥረው ከማዕድ መነሳታቸው ነበር። «አጎቴ፣ የቤት ሥራ አለብኝ። ስለ ሃይማኖትዎ ልጠይቅዎት» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አምስቱን የኢስላም ማዕዘናት፣ ስድስቱን የኢማን መሠረቶች፣ የጾምን ድንጋጌዎች ከነማስረጃቸው ዘረዘርኩላት። ዐሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም በትሕትና፣ «አጎቴ፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን አይደለም። አስተማሪያችን ያለችን አንድ ሰው መርጠን፣ እሱ ራሱ ሃይማኖቱን እንዴት እንደሚኖረው እንድንጠይቅ ነው» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። «ነገ ደውይልኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ልጅቷ የማታውቀው ነገር ነበር። ከሁለት ቀን በፊት አባቷ ደውሎልኝ፣ «ሼኽ፣ ልጄን ከሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ላስወጣት አስቤያለሁ፤ ምን ይላሉ?» ብሎኝ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ለወላጅ ይህን መብት ይሰጣል። የእሱ ፍርሃት፣ ልጅቱ ዲኗን አጥብቃ ሳትይዝ የክርስቲያኑን፣ የሂንዱውን፣ ፈጣሪ የለም የሚለውንም ሰው ኑሮ ጎን ለጎን ስትማር ልቧ ይከፈል ይሆናል የሚል ነው። ላስብበት አልኩት እንጂ ውስጤ «አስወጣት» ወደሚለው አዘንብሎ ነበር። የአባት ስጋት ነውና የሚናቅ አይደለም።

ያን ሌሊት እስከ ስሑር ስለ ትምህርቱ ሳነብና ሰው ስጠይቅ ቆየሁ። እንግሊዝ ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ሃይማኖት ማስተማር እ.ኤ.አ. በ1944 ሕግ ሆነ። ያኔ ትምህርቱ በአብዛኛው የክርስትና ነበር። የ1988 ሕግ ክርስትና ቀዳሚ ቦታ እንዳለው ሆኖ፣ በአገሪቱ ያሉት ሌሎች ዋና ዋና ሃይማኖቶችም እንዲካተቱ አዘዘ። በ2018 ደግሞ ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመ ኮሚሽን የትምህርቱ ስም «ሃይማኖትና የዓለም አተያይ» እንዲባል ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ተማሪ የየሃይማኖቱን ድንጋጌ ብቻ ሸምድዶ ቢወጣ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ አያውቀውም፤ ሃይማኖት የለኝም የሚለውም ሰው ቢሆን ዓለምን የሚያይበት መንገድ አለው የሚል ነው። በ2021 ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ሙስሊሞች 6.5 በመቶ ናቸው። ሃይማኖት የለኝም ያሉት 37.2 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ከክፍለ ጊዜው ብትወጣም ከነዚህ ልጆች ጋር መኖሯ አይቀርም።

በማግስቱ ስትደውል መጀመሪያ እኔ ጠየቅኋት፤ ክፍልሽ ውስጥ ስንት ሙስሊም አለ? አምስት ነን አለችኝ። አምስቱም ጾሙን የጀመሩት በአንድ ቀን አይደለም። የለንደን መስጊዶች ገሚሱ የሳዑዲን የጨረቃ ዜና ይከተላል፣ ገሚሱ በሌላ አገር መታየቷን ይጠብቃል። ከአምስቱ የአንዷ አያት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። መጾም ስለማይችሉ ለያንዳንዱ ቀን ሚስኪን የሚበላበትን ፊድያ ያወጣሉ፤ ግን በየምሽቱ ኢፍጣር ላይ እንባ ይቀድማቸዋል አሉ። መጽሐፉ «ሙስሊሞች በረመዷን ይጾማሉ» ይላል። ትክክል ነው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የኚያ እናት እንባ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ተራው የኔ ሆነ። ስለ ራሴ እናት ነገርኳት።

እናቴ የወሎ ሴት ነበረች፤ ማንበብ አታውቅም። ዲኗ ያለው ሶላቷ ላይ፣ ጾሟ ላይ፣ ከዚያም ቡናዋ ላይ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ዱዓ ታደርጋለች (የሦስተኛው ስኒ ስም ራሱ የዐረብኛው በረካ ነው)። ጎረቤታችን ክርስቲያን ነበረች። አጠገቧ ቁጭ ትልና ለታመመውም፣ ለዝናቡም፣ መንገድ ለሄደውም «አሚን» ትላለች። እኔ በደረሳነት ዓመታት ቆይቼ፣ ኪታብ ጨርሻለሁ ብዬ ስመለስ፣ ዕድሜዬም ሃያ ስላልሞላ፣ ያን ቡና አይቼ በጎረቤቷ ፊት «ይሄ ቢድዓ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። እናቴ አንድ ቃል አልመለሰችም። ስኒዎቹን ሰብስባ አነሳች። ጎረቤታችን ከዚያ ቀን በኋላ ለቡና አልመጣችም።

በዚያ የቡና ሥርዓት ላይ ዑለማዎች የሚሉትን አውቃለሁ፤ የተለያዩበት ቦታም አለ። ዛሬም ብጠየቅ የማርመው ነገር ይኖራል። ፈትዋ ግን ሌላ ነው፣ ሰውን ማወቅ ሌላ። እኔ ያኔ ብይኑን አውቅ ነበር፣ እናቴን አላውቃትም ነበር። ምን እያለች እንደምትለምን እንኳ ቀርቤ ሰምቻት አላውቅም።

የኛው የሐበሻ ታሪክም ትዝ አለኝ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ቆሞ ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ንግግሩን በድንጋጌ አልከፈተም። ጣዖት እንገዛ ነበር፣ በክት እንበላ ነበር፣ ዝምድና እንቆርጥ ነበር፣ ጎረቤት እንበድል ነበር፣ ብርቱው ደካማውን ይውጥ ነበር ብሎ የራሱንና የሰዎቹን ኑሮ ተረከ። ከዚያም አላህ ቤተሰቡን፣ እውነተኛነቱንና ታማኝነቱን የምናውቀውን ሰው ላከልን አለ። ሶላቱ፣ ዘካው፣ ጾሙ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ንጉሡ የሰማው የሰው ሕይወት ነበር።

ለአማቼ በዚያው ሌሊት ደወልኩለት። «አታስወጣት» አልኩት። ሁለት ነገር ግን አከልኩ። አንደኛው፣ ልጅቷን ማንም በሁለት ቢሊዮን ገደማ በሚቆጠር ሙስሊም ስም እንዳያናግራት፣ «እኛ ቤት እንዲህ ነው» ማለት እንደሚበቃት ንገራት፤ የቤትን ገመና አውጪ የሚላት ካለ ደግሞ እምቢ ማለት ትችላለች። ሁለተኛው፣ እሷ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ፋቲሓ ገና በሚማረው በሰባት ዓመቱ ወንድሟ ጉዳይ ያው መልስ አይሠራም፤ እሱን ሲደርስ እንነጋገራለን። ስለ እሱ አሁንም አልቆረጥኩም።

እዚህ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 90፣ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። በዚህ ቅር አይለኝም፤ ዲኑን ቤትና መድረሳ ያስተምሩ። ነገር ግን አስተማሪው ዝም ሲል ልጆቹ በእረፍት ሰዓት እርስ በርስ ይማማራሉ። በቅርብ ዓመታት ረመዷንና ዐብይ ጾም እየተገጣጠሙ ነው። አንድ ዴስክ ላይ አንዱ እስከ መግሪብ ውኃ አይቀምስም፤ ሌላው ሥጋና ወተት ትቷል። «የናንተማ ጾም አይባልም» የሚል ቃል በሁለቱም ወገን ሲወረወር ሰምቻለሁ። ይህን ልጆቻችን ከየት አመጡት? እኔ ከራሴ ልጆች አፍ ስሰማው መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ማዕዴን ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ኢፍጣር ላይ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ተምሩ አንስተን፣ መግሪብ ሰግደን ስንቀመጥ፣ ልጆቼን አጠገባችሁ የሚቀመጠው ልጅ ዛሬ ምን በላ፣ ጾሙን ሲይዝ ምን ይከብደዋል፣ እናቱ ምን ትለዋለች እያልኩ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንዱም አያውቅም ነበር። አሁን ትንሿ ልጄ የጓደኛዋ አያት ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚያደርሱት ነግራኛለች። ፍርድ አልሰጠሁም፤ ሾርባዬን ጠጣሁ። እኔ ቤት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

የእህቴ ልጅ ከሳምንት በኋላ ደወለች። የቤት ሥራዋን ክፍል ውስጥ አንብባለች። ሃይማኖት የለኝም የሚል አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «አጎትሽ እናታቸውን ይቅርታ ጠየቁ ወይ?» ብሎ ጠየቃት። መልሱን ስላላወቀች ልትጠይቀኝ ነው የደወለችው።

ጠይቄያታለሁ፤ ከመሞቷ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዒድ ቀን። «ልጄ፣ እኔማ ያኔውኑ አውፍ ብዬሃለሁ። ጎረቤቴን ነበር መጠየቅ» አለችኝ። ጎረቤታችን ግን ያኔ ከሰፈሩ ለቅቃ ነበር፤ የት እንደገባች የሚያውቅ አላገኘሁም። ይህንንም ለልጁ ንገሪው አልኳት።