የውጫሌ ውል አንቀጽ 17

የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ውስጥ፣ በአማርኛና በጣልያንኛ የተለያየ ፍቺ የያዘው አንቀጽ ነው። በሕግ ትርጉም ውስጥ አንድ ግሥ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከሚያሳዩ ምሳሌዎች ዋነኛው ነው።

ውሉን ሚያዝያ 25 ቀን የተፈራረሙት ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ ናቸው። ቦታው በወሎ፣ አምባሰል ውስጥ የምትገኘው ውጫሌ ናት፤ ከላሊበላ በጋሸናና በወልድያ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ዛሬም ያልፍባታል።

አማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ያለው ግሥ «ኮንሴንቴ» ነው። ብዙ ጊዜ «ግዴታ አለባቸው» ተብሎ ቢጠቀስም በቀጥታ ሲፈታ «ይስማማሉ» ማለት ነው። ሆኖም በውል ላይ አንድ ወገን አንድ ነገር ለማድረግ «ተስማማ» ከተባለ ቃል ገብቷልና ይታሰርበታል። ቃሉ ለስላሳ መምሰሉ ነው አደጋው። «ይቻላቸዋል» ግን ምርጫውን ለባለቤቱ ይተዋል። ኢጣልያ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በራሷ ቅጂ ላይ ተመሥርታ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ነገሩን ያወሳሰበው አንቀጽ 19 ነው። ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም ይስማማሉ፣ ሁለቱም እኩል ይታመናሉ ይላል። ስለዚህ ልዩነት ሲገኝ የትኛው እንደሚጸና የሚወስን ቃል በውሉ ውስጥ አልነበረም። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ጠቡ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ውል ሲሽር የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር፤ ጣልያንኛ አልገባበትም።

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ይህን ጥያቄ በአንቀጽ 106 አስቀድሞ ዘግቶታል፤ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በአገሮች መካከል ለሚደረጉ ውሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1969ኙ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 33 አለ። እኩል ሥልጣን ያላቸው ቅጂዎች ሲለያዩ፣ ከውሉ ዓላማ አንጻር በተሻለ የሚያስታርቃቸው ፍቺ ይወሰዳል።

የኮምፒውተር ሰዎችም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አር ኤፍ ሲ 2119 የተባለ የኢንተርኔት ሰነድ «መስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በመስፈርቶች ውስጥ ምን ማለት እንደሆኑ አንድ በአንድ ይበይናል። «ሜይ» እዚያ ልክ እንደ «ይቻላቸዋል» ነው፤ ባያደርገውም አይጠየቅም።